ከምሰሶው እስከ ምጣዱ

ጥቅምት 4 ቀን 2018፣ ማክሰኞ

ካምፓላ ዝናብ የሚጸናው በዓመት ሁለት ጊዜ ነው፤ አንዴ ከመጋቢት እስከ ግንቦት፣ አንዴ ከመስከረም እስከ ኅዳር። አገር ቤት ሰማዩ በሚጠራበት ወር እኛ እዚህ ክረምት መካከል ነን። ከንሳምብያ ኮረብታ እስከ ቪክቶሪያ ሐይቅ አሥር ኪሎ ሜትር አይሞላም። ሌሊቱን ሐይቁ ላይ ሲከማች ያደረው ደመና ሊነጋጋ ሲል ወደ ከተማው ይገፋል፤ ስለዚህ ዶፉም መብረቁም ብዙ ጊዜ የሚደርስብን ሰው ገና ከአልጋው ሳይወርድ ነው። መብራትም የሚሄደው ያን ጊዜ ነው።

ዛሬም እንደዚያው ሆነ። ከንጋቱ 11 ሰዓት ግድም ከባድ ጩኸት ሰማንና ግቢው ጨለመ። ትንሹ ልጄ መስኮቱ ላይ ተንጠልጥሎ "ያካው ነው ወይስ ሰፈሩ ነው?" አለኝ። ያካ የሚሉት የቅድመ ክፍያውን ቆጣሪ ነው፤ በስልክ ከፍለው የሚደርሳቸውን 20 አሃዝ ካላስገቡለት ዝም ይላል። እዚህ ያደገ ልጅ መብራት ሲጠፋ መጀመሪያ የሚያየው የጎረቤትን መስኮት ነው። ማዶውም ጨልሟል። በር ላይ ያለው ጥበቃ "አማሳንያላዜ ጋገንዜ" እያለ ለብቻው ሲናገር ሰማሁት፤ መብራት ሄደ ማለቱ ነው። ትንሽ ቆይቶ ከኮረብታው በኩል የንሳምብያ ሆስፒታል ጀነሬተር ተነሣ።

ሌላ ዓመት ቢሆን ሻማ አብርቼ ቡናዬን አፈላ ነበር። ዘንድሮ ግን እናቴ ከባሕር ዳር መጥታ ከእኛ ጋር ናት። ስኳር አለባት፤ የሦስት ወር ኢንሱሊኗ ያለው ፍሪጃችን ውስጥ ነው። የተዘጋ ፍሪጅ ቅዝቃዜውን ለ4 ሰዓት ያህል ይይዛል። ግጥም ብሎ የተሞላ ፍሪዘር እስከ 48 ሰዓት ይቆያል፤ ግማሹ ባዶ ከሆነ እስከ 24። ይህ ሁሉ በሩ ካልተከፈተ ነው። ልጆቹ በልማድ እንዳይከፍቱት እጀታውን በነጠላ አሰርኩት። እናቴ አይታ፣ "መድኃኒቱ ከእኔ በላይ አንቺን አሳሰበሽ ልጄ" አለችኝ። አዎ፣ አሳስቦኛል።

ጥቅምት 5፣ ረቡዕ

እስከ ጠዋት መብራት አልመጣም። ከባለቤቴ ጋር መስመሩን እየተከተልን ወረድን። ቅያሱ መታጠፊያ ላይ የቆመው የባሕር ዛፍ ምሰሶ ወደ አንድ ጎን ዘንብሏል፤ የጎረቤታችን የማንጎ ዛፍ አንድ ትልቅ ቅርንጫፉ ተገንጥሎ ሽቦው ላይ አርፏል። ከዚያ ዝቅ ብሎ ያለው ትራንስፎርመር ላይ ፊውዙ ከመያዣው ወርዶ ተንጠልጥሏል። ይህን ያየ ሰው ብዙ ጊዜ ትራንስፎርመሩ ተቃጠለ ብሎ ይደነግጣል። ፊውዙ የሚወርደው ግን ትራንስፎርመሩ እንዳይቃጠል ነው፤ ሽቦው ከሽቦ ወይም ከዛፍ ሲነካካ ከልክ ያለፈው ኃይል ፊውዙን ያቀልጠውና መስመሩን ይቆርጠዋል። ፊውዙ በአንድ ሰዓት ይተካል። ሰዓታት የሚወስደው ቅርንጫፉን ማንሣቱና ሽቦውን መወጠሩ ነው።

ሌሊቱን ሙሉ ሰፈሩ በየፊናው ሲደውል አድሯል። አንዱ "ከሆስፒታሉ ጀርባ" ይላል፣ ሌላው "ከባራኩ ወረድ ብሎ" ይላል። ባለቤቴ ምሰሶው ላይ የተጻፈውን ቁጥር ገልብጦ አንድ ሰው ብቻ እንዲደውል ተስማማን። ሠራተኞቹ ዝናብ ውስጥ መሰላል ተሸክመው ሲመጡ ቦታውን ለማግኘት አልተንከራተቱም። እነዚህ ልጆች እርጥብ ምሰሶ ላይ ሲወጡ ቆሜ አየሁ፤ ከልቤ አመሰገንኳቸው።

ከሰዓት በኋላ ፋርማሲ ሄድኩ። ፋርማሲስቷ በትዕግሥት አስረዳችኝ። ያልተከፈተ ኢንሱሊን ቦታው ፍሪጅ ነው፤ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ። የተከፈተው ግን ሙቀቱ ከ30 ዲግሪ ካላለፈ ብዙው ዓይነት ለአራት ሳምንት ያህል ውጭ መቆየት ይችላል፤ የተከፈተበትን ቀን መጻፍ ነው። ሲያስፈሩኝ የነበሩት ሙቀቱና ጨለማው ነበሩ፤ እሷ ይበልጥ ያስጠነቀቀችኝ ስለ በረዶ ነው። ሰው ደንግጦ መድኃኒቱን በረዶ ውስጥ ይቀብረዋል፤ አንዴ የረጋ ኢንሱሊን ቢቀልጥም አይሠራም።

ካምፓላ ቀን ጥላ ውስጥ 27፣ 28 ዲግሪ ነው፤ በቆርቆሮ ክዳን ሥር ግን ይብሳል። ስመለስ ከመንገድ ዳር የውሃ ማሰሮ ገዛሁ። ገበታው ላይ እርጥብ አሸዋ አድርገን፣ ማሰሮውን አስቀምጠን፣ በእርጥብ ጨርቅ ከደንነው፤ መድኃኒቱ ውሃ እንዳይነካው በክዳን ዕቃ ሆኖ ገባ። ሸክላው ላብ እያወጣ ሲደርቅ ውስጡን ያቀዘቅዘዋል። አየሩ እርጥብ በሆነበት በዚህ ወቅት የሚያቀዘቅዘው ጥቂት ዲግሪ ብቻ ነው፤ ለእኛ ግን ያ ይበቃል። እናቴ "ድሮ ጠላውም ውሃውም የሚቀዘቅዘው በእንስራ አልነበር?" ብላ ጨርቁን ራሷ ታርሰው ጀመር።

ማታ 2 ሰዓት ላይ መብራት መጣ። ሰፈሩ በአንድ ድምፅ ጮኸ። ባሕር ዳርም ልጆች እንዲሁ ይጮኻሉ።

ጥቅምት 9፣ እሑድ

ስለ ምጣዱ መጻፍ አለብኝ፤ የእኛ ቤት የመብራት ነገር ከዚያ ውጭ አይገባም።

ከመርካቶ የመጣው የመብራት ምጣዴ ላይ 3,600 ዋት ተብሎ ተጽፏል። ሳሎን ያለው አምፖል 9 ዋት ነው። ምጣዱ በአንድ ሰዓት የሚበላው አምፖሉን 400 ሰዓት ያበራል። ይህን ሒሳብ ለባለቤቴ ያሳየሁት ባትሪና ኢንቨርተር እንግዛ ሲል ነው። የተለመደው 12 ቮልት፣ 100 አምፒር ሰዓት ባትሪ ሲሞላ 1,200 ዋት ሰዓት ይይዛል፤ ዕድሜው እንዲረዝም ከግማሹ በላይ አይወሰድም። ግማሹ 600 ነው። አምፖሎቹን፣ ስልኩን፣ የኢንተርኔቱን ሳጥን ሌሊቱን ሙሉ ያኖራል። ምጣዱን ግን 10 ደቂቃ። ሦስት እንጀራ፣ ቢበዛ አራት። እንዲያውም ተራ ኢንቨርተር ገና ምጣዱ ሲሰካ ይጮኽና ይጠፋል።

ስለዚህ ቤት ውስጥ ያለውን ነገር በሁለት ከፈልኩት። ብርሃንና ወሬ የሚሰጡት ጥቂት ነው የሚጠይቁት፤ ለእነሱ ትንሽ ባትሪ ይበቃል። የሚያሞቁት ግን፣ ምጣድ፣ ካውያ፣ የውሃ ማሞቂያ፣ በባትሪ የሚሞከሩ አይደሉም። ሰው "ሶላር ገዛሁ፣ አልሠራም" ሲል ብዙ ጊዜ የሚያማው ዕቃውን ነው፤ የተቀላቀሉበት ግን እነዚህ ሁለቱ ናቸው።

ትናንት አብሲቱ ተጥሎ፣ ሊጡ ኩፍ ብሎ፣ ምጣዱ ሊሟሽ ሲል መብራት ሄደ። ይህ የሚደርስባት ሴት ሁሉ የምታውቀው ጭንቀት ነው። ካምፓላ ከአዲስ አበባ ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ዝቅ ያለች ናት፤ ሊጥ እዚያ በሦስት ቀን የሚደርሰው እዚህ በሁለት ቀን ይደርሳል፣ ኩፍ ካለ በኋላም አይጠብቅም። ወድቆ ይጎመዝዛል። ጤፍ እዚህ እንደ ልብ አይገኝም፤ በማሽላና በሩዝ እያበዛን ነው የምንጋግረው። ስለዚህ የሚደፋ ሊጥ የለንም።

እናቴ አልተጨነቀችም። "እሳት አለ አይደል?" አለች። የከሰል ምድጃ አለን፤ እዚህ ሲጊሪ ይሉታል። ግን አፉ ጠባብ ነው፤ የምጣዱ መካከል ሲግል ዳሩ ይቀዘቅዛል፣ እንጀራው መሃሉ ዓይን ሲያወጣ ጠርዙ ሊጥ ሆኖ ይቀራል። ከጓሮ፣ ከቆርቆሮው ጥላ ሥር ሦስት ጉልቻ ደረደርን። ጥበቃው ፍልጥ አመጣልን። ትንሹን የሸክላ ምጣድ ጣድንበት። እናቴ ጎመን ዘሩን በትና በማሰሻው ስታሟሸው ጭሱ ግቢውን ሞላው፤ ሰው ሁሉ በየመስኮቱ ወጣ።

ከማዶ ያሉት አሮጊት መጡ። ጃጃ ነው የምንላቸው፤ አያት ማለት ነው፣ ሰፈሩ ሁሉ እንደዚያ ነው የሚጠራቸው። ማንጎው የእሳቸው ነው። እናቴና እሳቸው አንዲት ቃል አይግባቡም። ጃጃ ዱካ ስበው ተቀመጡና የእንጀራውን ዓይን አወጣጥ በጣታቸው እያሳዩ አደነቁ። እሳቱ ሳይጠፋ የራሳቸውን ማቶኬ፣ በሙዝ ቅጠል የተጠቀለለውን፣ አምጥተው ጣዱበት። ማቶኬ ረጅም ሰዓት በእንፋሎት የሚበስል የሙዝ ምግብ ነው፤ እሳቸው ዕድሜ ልካቸውን በከሰልና በእንጨት ነው ያበሰሉት። ኡጋንዳ ውስጥ አብዛኛው ቤት የሚያበስለው እንደዚያው ነው። መብራት ሲሄድ እሳቸው የሚያጡት ሬዲዮናቸውን ነው፤ እኛ የምናጣው እንጀራችንን።

ሁሉንም ሊጥ አልጨረስነውም። የተረፈውን እናቴ ከላይ የጠለለውን ውሃ አፍስሳ፣ አዲስ ዱቄት ጨምራ መለሰችው። ዛሬ መብራት አለ፤ አብሲት አዲስ ጥላ ጋገርነው። ኮምጠጥ ብሏል፣ ግን እንጀራ ነው።

ጥቅምት 19፣ ረቡዕ

ትልቋ ልጄ የሰባተኛ ክፍል ማጠቃለያ ፈተናዋ ደርሷል፤ ሒሳብ፣ ሳይንስ፣ እንግሊዝኛና ኅብረተሰብ። ማታ ማታ በሶላር ፋኖስ ታጠናለች። ሰማዩ በደመና ሲሸፈን ፋኖሱ በፀሐይ ብቻ አይሞላም፤ መብራት ባለበት ሰዓት ሶኬት ላይ እንሰካዋለን። ለወራት በደመና ስር ላለ ሰው የምመክረው ይህንን ነው፤ በሁለቱም የሚሞላ ፋኖስ።

እናቴ አጠገቧ ተቀምጣ ፈትል ትፈትላለች። እኛን ስታሳድግ በኩራዝ ነበር፤ ጠዋት አፍንጫችን ጥላሸት ይዞ ነበር የምንነሣው። እዚህም ታዶባ የሚሉት አለ፤ ያው የቆርቆሮ ኩራዝ ነው። መጀመሪያ ስመጣ ማታ መንገድ ዳር ቻፓቲና እንቁላል የሚጠቀልሉት ሁሉ በታዶባ ነበር የሚሠሩት። አሁን ብዙዎቹ ትንሽ የሶላር አምፖል አንጠልጥለዋል። ለዓይናቸውም ለሳንባቸውም ደስ አለኝ።

ልጄ ጥያቄ ስታነብ "ኦወን ፎልስ ግድብ የት ይገኛል?" የሚል ደረሰ። ሴት አያቷ ግድብ የምትለዋን ቃል ሰምታ ቀና አለች። ፈተናው ሲያልቅ ግድቡ ወዳለበት ጂንጃ እንወስዳችኋለን ብዬ ቃል ገባሁ።

ጥቅምት 26፣ ረቡዕ

ንጋት ላይ መብረቁ ከሌላው ቀን የከፋ ነበር። ተነሥቼ ቴሌቪዥኑን፣ ፍሪጁን፣ የኢንተርኔቱን ሳጥን ሁሉንም ነቀልኩ። ማጥፋት ብቻውን አይበቃም፤ ከሶኬቱ መውጣት አለበት። መብራት ሲመለስ ደግሞ ፍሪጁን ወዲያው አልሰካም፤ መጀመሪያ አምፖሉ ረግቶ መብራቱን አያለሁ።

ዕቃው ይተካል። እ.ኤ.አ. ሰኔ 2011 ኪሪያንዶንጎ ውስጥ ሩንያንያ የሚባል የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ላይ መብረቅ ወድቆ 18 ተማሪዎችና አንድ መምህራቸው ሞተዋል። ልጆቼ በነጎድጓድ ጊዜ ዛፍ ሥር እንዳይቆሙ፣ ከመስኮትና ከቧንቧ እንዲርቁ ደጋግሜ የምጨቀጭቃቸው ለዚህ ነው።

ኅዳር 6፣ ቅዳሜ

ጂንጃ ሄደን መጣን። ከካምፓላ 80 ኪሎ ሜትር ያህል ነው።

አሮጌው ግድብ፣ ኦወን ፎልስ፣ ዛሬ ናሉባሌ ይባላል። እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 29 ቀን 1954 ንግሥት ኤልሳቤጥ መጥተው የመረቁት ነው። እንግሊዛዊው አሳሽ ስፔክ እ.ኤ.አ. በ1862 ቆሞ ያየው የሪፖን ፏፏቴ ግድቡ በያዘው ውሃ ተውጦ ቀርቷል። ቪክቶሪያን የሚያህል ሐይቅ የግድቡ ማጠራቀሚያ ሆኖ ማገልገሉ ይገርማል፤ ለካምፓላ ግን በረከትም ጣጣም ሆኖባታል። ከሐይቁ የሚለቀቀው ውሃ ቀድሞ ተፈጥሮው ይለቀው ከነበረው ልክ እንዳያልፍ የተስማሙበት መጠን ነበር። እ.ኤ.አ. በ2000ዎቹ መጀመሪያ ከናሉባሌ አጠገብ ኪራ የተባለው ሁለተኛ ጣቢያ ተጨመረ፤ ድርቅም መጣ፣ ከልኩ በላይም ውሃ ተለቀቀ። እስከ 2006 ድረስ ሐይቁ ከ1 ሜትር በላይ ወረደ። ያኔ ካምፓላ በፈረቃ ነበረች፤ አንድ ማታ የበራለት ሰፈር በማግስቱ ይጨልም ነበር። በናፍጣ የሚሠሩ ጀነሬተሮች ተከራይተው ገቡ፤ የመብራት ዋጋም አብሮ ናረ። በዚያን ጊዜ እዚህ የነበሩ ሐበሾች እስካሁን ያነሡታል።

የውሃው ጭንቀት ዛሬ የለም። እ.ኤ.አ. በ2012 ቡጃጋሊ 250 ሜጋ ዋት፣ በ2019 ኢሲምባ 183፣ በመስከረም 2024 የተመረቀው ካሩማ ደግሞ 600 ሜጋ ዋት ጨምረዋል። አገሪቱ ማመንጨት የምትችለው ከ2,000 ሜጋ ዋት በላይ ሆኗል፤ ከምትጠቀመውም በልጧል። ሥርጭቱን ለ20 ዓመት የያዘው የኡሜሜ ኩባንያ ውልም ባለፈው መጋቢት አልቆ ሥራው ወደ መንግሥት ኩባንያ ተመልሷል።

እናቴ ወንዙ ዳር ቆማ ረጅም ሰዓት አየችው። "ይኼ ከእኛው ጋር የሚገናኘው የት ነው?" አለች። ካርቱም አልኳት። የባሕር ዳር ሰው ናት፤ ከጣና የሚወጣውን አባይ ስታይ ነው ያደገችው። በእኛ አቆጣጠር በ2002 የጣና በለስ ጣቢያ ሲመረቅ በየሰፈሩ የነበረውን ደስታ ታስታውሳለች። በግንቦት 2011 የግልገል ጊቤ ሦስት ውሃ ቀንሶ አገሩ ሁሉ በፈረቃ የገባበትንም አልረሳችም። ለሕዳሴው ግድብ ከደመወዟ ቦንድ ገዝታለች፤ ወረቀቱን ከጋብቻ ምስክር ወረቀቷ ጋር ነው ያስቀመጠችው። ባለፈው ጳጉሜን 4 ቀን ሲመረቅ አልቅሳለች።

"5,150 ሜጋ ዋት ነው አሉ። ታዲያ ክረምት በመጣ ቁጥር የእኛ ሰፈር ለምን ይጨልማል?" ብላ ጠየቀችኝ። ጥያቄው ቁጣ አልነበረበትም፤ በእውነት ማወቅ ፈልጋ ነው።

ስንመለስ መኪናው ውስጥ እጄን እያንቀሳቀስኩ አስረዳኋት። ከግድቡ የሚወጣው ኃይል መጀመሪያ በትልልቅ የብረት ማማዎች ላይ ይጓዛል፤ ያንን ዝናብ በቀላሉ አይነካውም። ከዚያ ማከፋፈያ ጣቢያ ይገባል። ከዚያ ወደ ሰፈር ትራንስፎርመር፣ ከትራንስፎርመሩ በእንጨት ምሰሶ ወደ እያንዳንዱ ቤት። ይኼ የመጨረሻው ክፍል በጣም ቀጭኑ፣ በጣም ረጅሙና በጣም የሚረሳው ነው። ምስጥ የበላው ምሰሶ፣ የላላ ሽቦ፣ ያልተከረከመ ዛፍ፣ ለ50 ቤት ተተክሎ ለ200 ቤት የሚያከፋፍል ትራንስፎርመር። የበዓል ዋዜማ ሰፈሩ ሁሉ ምጣዱን በአንድ ሰዓት ሲሰካ የሚወድቀው ፊውዝ የግድቡን ትልቅነት አያውቅም። ግድብ ሲመረቅ መሪዎች ይመጣሉ፤ ምሰሶ ሲተከል ማንም አይመጣም። እኔ ግን ከአሁን ወዲያ የመንግሥት በጀት ሲነበብ ጆሮዬን የምሰጠው ለምሰሶው ነው። እናቴ ጥቂት ዝም ብላ፣ "ታዲያ የእኛው መጨረሻ የጃጃ ማንጎ ነዋ" አለች።

ኅዳር 10፣ ረቡዕ

ትናንት ሌሊት ክፉ ነገር ለጥቂት አለፈን። እኛ ግቢ ከኋላ ያለውን ክፍል የተከራዩ ሁለት ተማሪዎች አሉ። መብራት ጠፍቶ፣ ዝናብ ሲወርድ፣ ራታቸውን አብስለው ሲያበቁ የጋለውን ሲጊሪ እንዲያሞቃቸው ወደ ውስጥ አስገቡትና በሩን ዘጉ። እናቴ ለመጸዳጃ ተነሥታ ከመስኮታቸው ሥር የከሰሉን ቅላት አየች። በሩን በጡጫ ስትደበድበው ሁላችንም ነቃን። አንደኛዋ ራሷን ይዛ ታስመልስ ነበር፤ ሁለተኛዋ ቶሎ አልነቃ አለች።

ወደ ውጭ አወጣናቸው፤ በዝናብ ውስጥ ተቀምጠው አየር ሳቡ። ከዚያ ወደ ንሳምብያ ሆስፒታል ወሰድናቸው፤ ኦክስጅን ተሰጥቷቸው ጠዋት በእግራቸው ተመለሱ። እግዚአብሔር ይመስገን።

የከሰል ፍም የሚያወጣው ጋዝ ሽታ የለውም፣ ቀለምም የለውም። ጭሱ ስላለቀ አደጋው ያለቀ ይመስላል፤ የቀላው ፍም ግን ያለ ጭስም ይገድላል። የመጀመሪያ ምልክቱ ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽና ድካም ነው፤ ሰው ደክሞኝ ነው ብሎ ይተኛል። እኛ ሐበሾች በቡናው ምክንያት ፍም ቤት ውስጥ ማስገባት ለምዶብናል፤ በቀዝቃዛ ሌሊት አገር ቤትም ከሰል አፍኖ የጨረሳቸው ቤተሰቦች አሉ። ስለዚህ ይህን የሚያነብ ሰው ካለ እለምነዋለሁ፤ ሲጊሪው ውጭ ይደር። ብርድ ከሆነ ብርድ ልብስ ይጨመር።

የሆስፒታሉ ግቢ ውስጥ ቆሜ ስጠብቅ ያሰብኩት ስለ ማዘር ኬቨን ነው። አየርላንዳዊቷ መነኩሲት እ.ኤ.አ. በ1903 እዚህ ኮረብታ ላይ ሕሙማንን ማከም የጀመሩት ከአንድ ማንጎ ዛፍ ሥር እንደ ነበር ይነገራል። መብራትም ጀነሬተርም አልነበረም።

ኅዳር 13፣ ቅዳሜ

ሰኞ ጾመ ነቢያት ይገባል። ፍሪዘሩን ባዶ እያደረግን ነው። የቀረውን ሥጋ እናቴ ዘልዝላ በበርበሬና በጨው አሸችው፤ ለቋንጣ። እርጥበቱ ቶሎ አያደርቀውምና ከምድጃው በላይ ሰቀልነው። ቅቤው ስለ ነጠረ ፍሪጅ አይፈልግም። መብራት በነበረባቸው ቀናት አብዝተን የጋገርነውን እንጀራ ቆራርሰን ድርቆሽ አድርገነዋል፤ መብራት ሲጠፋ በሹሮ ይፈተፈታል። እናቶቻችን ፍሪጅ ሳይኖር ያደረጉትን ሁሉ ዛሬ እንደገና እየተማርኩ ነው፤ ትምህርቱም ደስ ይለኛል።

ኅዳር 18፣ ሐሙስ

የማንጎው ነገር ዛሬ ተወሰነ። የሰፈሩ ሰዎች ከአንድ ወር በላይ ሲያጉረመርሙ ነበር። አንዳንዱ ከሥሩ ይቆረጥ ይላል። ጃጃ ግን ዛፉን የተከሉት ሟች ባላቸው ናቸው፤ ይህንን እየነገሩኝ ድምፃቸው ተቆረጠ። ልጆቻችን ሁሉ ከዚያ ዛፍ በልተዋል። እኔ መሃል ሆኜ ምን እንደምል ጠፋኝ።

እናቴ እንሂድ አለችኝ። የጾም ዳቦ በሰፌድ ይዛ ሄደች። ጃጃ ቤት ተቀምጠን እኔ አስተረጎምኩ። እናቴ ስለ መብራት አንድም አላነሣችም። ስለ መድኃኒቷ ነገረቻቸው፤ የማሰሮውን ጨርቅ በየሦስት ሰዓቱ እንደምታርስ፣ ሌሊት እየተነሣች እንደምትነካው። "እማማ፣ ዛፉ ይኑርልዎት። በሽቦው በኩል ያለውን እጁን ብቻ ይስጡን" አለች። ጃጃ ረጅም ጊዜ ዝም አሉ። ከዚያ እጇን ይዘው እሺ አሉ፤ ግን ሲቆረጥ ቆመው ሊያዩ፣ እንጨቱም ለእሳቸው ሊሆን።

ሽቦ አጠገብ ያለ ዛፍ መስመሩ ሳይቋረጥ በመጥረቢያ አይነካም፤ ሰው የሚሞተው እንደዚያ ነው። ባለቤቴ አመልክቶ ቀን ተሰጠን፤ የሚቀጥለው ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 3 ሰዓት እስከ ቀኑ 10 ሰዓት። ሉጋንዳም ሰዓትን የሚቆጥረው እንደኛ ከንጋት ነው፤ ለጃጃ ስነግራቸው ማቀያየር አላስፈለገኝም። የዘነበለውን ምሰሶም አብረው ሊያቀኑት ነው።

ጥበቃው ለየቤቱ እየዞረ እየነገረ ነው፤ ስልክ ይሞላ፣ ውሃ ይቀዳ፣ ፍሪጅ አይከፈት። እኔ ሊጡን ዛሬ ማታ አቦካለሁ፤ ቅዳሜ አብሲት ጥዬ ሰኞ ሳይደርስ እጋግራለሁ። የጃጃን ድርሻ ጨምሬ።